የሚርተ ካርድ ቀሪ ሒሳብ

ዲሴምበር 6፣ ጠዋት

ሐኪሟ «የሚያናድድህን ነገር ሁሉ ጻፈው፤ ደም ግፊትህ ይወርድልሃል» ካለችኝ ወራት አለፉ። ደብተሩን የገዛችልኝ ባለቤቴ ሂለ ናት። እስከ ዛሬ ለወረቀት የሚበቃ ንዴት አላገኘሁም ነበር። ሂለ እንደምትለው ንዴቴን በአፌ ስለምጨርሰው ለወረቀት የሚተርፍ የለም። ዛሬ ግን ተርፏል።

ትናንት ማታ የቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ ነበር። ማን ለማን ስጦታ እንደሚያዘጋጅ ቀደም ብለን ዕጣ ስናወጣ የኔ ዕጣ ሚርተ ሆና ነበር፤ ልጃችን፣ አንድዬዋ። ደንቡ ከጥንት የታወቀ ነው። ስጦታው በግጥም ይታጀባል፤ ግጥሙ ይጎነትላል፤ ተቀባዩ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ ሌላው ይስቃል። የጻፈው ማን እንደሆነ ሁሉም ቢያውቅ እንኳ «ቅዱሱ ነው የጻፈው» ይባልና ይታለፋል። እኔን አባቴ በአሥራ አራት ዓመቴ ስለ ጆሮዬ ትልቅነት ሙሉ ገጽ ገጥሞልኛል። አልሞትኩም።

የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦

ትምህርቱን ጀመረች፣ ሱቁንም ጀመረች፣
ሚርተ ምን ጀምራ ምን ለፍሬ አበቃች?
የሾርባ ሳህኗ እንኳ ግማሹ ይቀራል፣
የሚርተን ጅምር ሌላ ሰው ይጨርሳል።

ሌሎችም ስንኞች ነበሩት፤ ሁሉም በዚሁ መንገድ። ውሸት የለበትም። የመምህርነት ትምህርት ጀምራ ትታለች፣ ሥዕል ጀምራ ትታለች፣ አሮጌ ወንበር እያደሰች የምትሸጥበት ሱቅ ከፍታ በዓመቱ ዘግታለች። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ራሷም ትስቅበት ነበር።

እስከ መጨረሻው አነበበችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቱን አጣጥፋ ከሳህኗ ሥር ሸጎጠችው፣ ተነሣች፣ ካፖርቷን ለበሰች። ዮሪስ ተከተላት። ዮሪስ አብሯት የሚኖረው ፍቅረኛዋ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሰው ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። በሩ ጋ ዞር አለና «አላወቁም። ባያውቁም ግን…» ብሎኝ ሳይጨርሰው ወጣ።

ምኑን ነው ያላወቅሁት? ባህሉን ያላወቀው እሱ ነው፤ እናቱ ጀርመን ናት።

ሂለ በማሽኑ የሚታጠበውን ሳህን ሁሉ በእጇ አጠበችው።

ዲሴምበር 6፣ ማታ

ደወልኩ። አላነሣችም። ሂለም ደወለች። ለሷም አላነሣችም።

በስሟ መነሻ ፊደል ቅርጽ የተሠራው የበዓሉ ቸኮላት ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ልቆርሰው ስል ሂለ እጄን መታችኝ።

ዲሴምበር 9

ዛሬ የዓመቱን ደረሰኞች በየፈርጃቸው አስቀመጥኩ። በየዲሴምበሩ የማደርገው ነው። ሰላሳ ዓመት ለጀልባ ድልድይ ሲከፍት ሲዘጋ የኖረ ሰው ሥርዓት ካልያዘ ሰው ውኃ ውስጥ ይገባበታል። ድልድዩን አሁን ከሩቅ ሆነው በካሜራ ነው የሚከፍቱት፤ እኔም ጡረታ ወጥቼ ደረሰኝ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ከድሮዎቹ መሀል የብሩክማተ ሱቅ የስጦታ ካርድ ደረሰኝ ወጣ። ሚርተ ከቤት ወጥታ ዝዎለ ከተማ ክፍል ስትከራይ ሁለት መቶ ዩሮ የሞላ ካርድ ሰጥተናት ነበር፤ ድስት፣ አንሶላ፣ መጋረጃ ትግዛበት ብለን። እሷ ጣለችው። ባለፈው ፀደይ ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ ወደቀላትና ስልክ ደውላ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ፤ «ሀብታም ሆንኩ አባዬ!» አለችኝ።

ደረሰኙ ላይ ረጅሙ ቁጥርና ምሥጢር ቁጥሩ አለ። የሱቁ ገጽ ላይ ሁለቱን ሲያስገቡ ቀሪ ሒሳቡን ያሳያል። አስገባሁ። 112 ዩሮ ከ10 ይላል። ጃንዋሪ 31 ያበቃል ይላል።

ያየሁት ለገንዘቡ ነው። ካርድ ጊዜው አልፎበት ሲበላሽ የሚያሳዝነው ሰው መኖር አለበት።

ዲሴምበር 11

112 ከ10።

ዲሴምበር 12

112 ከ10። ጠዋትም ማታም።

«ምን ታያለህ?» አለች ሂለ ከኋላዬ።

«የአየሩን ሁኔታ።»

«ዝዎለ እንዴት ውሏል?»

ይቺ ሴት ከጀርባ ታነባለች። ነገርኳት። «ይሄ ስለላ ነው ሉበርት» አለችኝ። ሒሳብ ማጣራት ነው አልኳት። «አላርፍ ያለች ጣት…» ብላ ተረቱን ሳትጨርስ ሄደች። ጣቴ ምንም አልነካችም። ሳጥን ውስጥ ቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው።

ዲሴምበር 13

104 ከ15!

የሰባት ዩሮ ከ95 ዕቃ ገዝታለች። ዛሬ! ሱቅ ሄዳለች ማለት ነው፤ ካፖርት ለብሳ፣ ብስክሌቷን አቁማ፣ ዕቃ መርጣ ወረፋ ይዛለች ማለት ነው። የታመመ ሰው ይህን አያደርግም። እራት ላይ የአተር ሾርባውን ደገምኩ።

ለሂለ ስነግራት ፊቷን አጠቆረች። ቀጥላ ግን እጇን በፎጣ እያበሰች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ገዝታ ይሆን?» አለች። ስለላውን ወዲያው ረሳችው።

የሱቁን ገጽ አብረን አገላበጥነው። በሰባት ከ95 የሳህን ብሩሽ አለ፣ የሻይ ማጥለያ አለ፣ ወፍራም ነጭ ሻማ አለ፣ የውሻ ሳህን አለ። እኔ ብሩሽ ነው አልኩ። ሚርተ ብሩሿን ፀጉሩ እስኪረግፍ ነው የምትጠቀምበት።

«ሻማ ነው» አለች ሂለ።

«ለምን ሻማ?»

«እንዲሁ።»

ዲሴምበር 14፣ እሁድ

ጎረቤታችን ትሩስ በዲሴምበር ሁለተኛ እሁድ እንደምታደርገው ዛሬም ልክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቷ ላይ ሻማ አበራች። ገና በወጣትነቷ፣ ወር ሳይሞላው ለሞተው ወንድ ልጇ ነው። በየአገሩ ልጅ የሞተባቸው ሰዎች በዚህ ሰዓት እንዲህ ያደርጋሉ ይባላል። ሂለ መብራት ሳታበራ ሳሎን ቆማ ያንን መስኮት ስታይ ቆየች። «ቁሚ ቁሚ አለሽ እንዴ? ሾርባው ቀዘቀዘ» አልኳት። አልሰማችኝም።

ዲሴምበር 18

104 ከ15። ስልክ የለም።

ገበያ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አገኘኝና «ሚርተ እንዴት ናት? አሁንስ ምን ጀመረች?» ብሎ ሳቀ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ይህን ቀልድ ስንት ዓመት በየቡና ቤቱ ስናገር ኖሬ። አሁን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አልጣመኝም።

ዲሴምበር 26

ከሚርተ ካርድ መጣ። የገና እንኳን አደረሰሽ። «ለእማዬ» ይላል፤ ሁለት መስመር ናት። ቤታችን ነን፣ ደህና ነን፣ ትንሽ ጊዜ ስጪን።

ስሜ የለበትም። ሁለቴ አየሁት፣ ጀርባውንም አየሁ።

ጃንዋሪ 1

ለአዲስ ዓመት እንደልማዴ ጓሮ ቆሜ ዘቢብ ያለበት ሊጥ በዘይት ጠበስኩ። መጠኑን አልቀነስኩም፤ ለአራት ሰው ነው ያቦካሁት። ለትሩስ ሰጠን፣ ለፖስተኛው ሰጠን፣ ገና አንድ ቅርጫት ይቀራል።

እውነቱን ልጻፍ፤ ሐኪሟ ጻፍ ያለችኝ ለዚህ ከሆነ። ያን ግጥም ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ለብቻዬ እየሳቅሁ ነበር የጻፍኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፤ ተቀምጬ፣ አስቤ፣ ቤት እስኪመታ ድረስ ሦስት ማታ ደክሜበታለሁ። ቀልድ ነበር። ግን ቀልድ ከሆነ የሳቀው ሰው ማን ነበር? ያን ማታ ከኔ በቀር ማንም አልሳቀም። ይህን ያስተዋልኩት ዛሬ ነው።

ሂለ እቅፏ ላይ ሹራብ እንደያዘች በድንገት «ሚርተ በኦገስት ወይን አልጠጣም ያለች ቀን ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ምንም።»

«ሆዷ ታሞ ነበር'ኮ። ኦክቶበር ላይም ሦስት ሳምንት ጉንፋን ይዟት የልደትሽ ቀን ሳትመጣ ቀረች። ሎሚና ማር ይዤ ልምጣ ብል ዮሪስ አይምጡ አለኝ። ልጅቷ አቅም የላትም፤ ደም መመርመር አለባት።»

ሂለ ሹራቡን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ። «አንተ'ኮ ድልድዩ ላይ ሆነህ ጀልባ ከሩቅ ታውቅ ነበር» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ብጠይቃት ሹራቧን መልሳ አነሣች።

ጃንዋሪ 8

ጻፍኩላት። ስንቴ ጽፌ ስንቴ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ የላክሁት ይኸው ነው፦

«ሚርተ፣ የብሩክማተ ካርድሽ ጃንዋሪ 31 ያበቃል። 104 ዩሮ ከ15 ሳንቲም አለው። አባትሽ።»

«እንዴት አወቅክ?» ብላ መለሰች።

ምን ብዬ ልመልስ? ደረሰኝ አስቀምጫለሁ አልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ «አመሰግናለሁ» አለች። ሌላ የለም።

ለሂለ አሳየኋት። «አይ ሉበርት! ከወር በኋላ ለልጅህ የላክህላት የሱቅ ማስታወቂያ ነው?» አለች። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስዳ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ደጋግማ አነበበችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሌላ ነገር መጻፍ ፈልጌ ነበር። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሲላክ ግን ሰው ፊት ራቁት እንደመቆም ሆነብኝ።

ጃንዋሪ 14

የሚርተ ልደት። እሷ የለችም፤ ልደቷ ግን መጣ። የሰው ልደት ሁሉ የተጻፈበት ቀን መቁጠሪያ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው፤ ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር ያየዋል፤ ትሩስ ደግሞ አትረሳም። ከሰዓት በኋላ ከባሏ ጋር አበባ ይዛ ደረሰች።

«እንኳን ለልጅህ ልደት አደረሰህ ሉበርት! እንኳን ለልጅሽ አደረሰሽ ሂለ!»

ወንበሮቹን ክብ አደረግናቸው። ለየሰው አንድ አንድ ቁራሽ ኬክ። ባለልደቷ ሳትኖር አራት ሽማግሌዎች ክብ ሠርተን እርስ በርስ እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን።

«ሚርተስ?» አለች ትሩስ።

«ጉንፋን ይዟት ነው» አልኩ።

«አሁንም?» አለችና ሂለን አየቻት። ሂለ ወለሉን አየች። ከዚያ ትሩስ እጇን ዘርግታ የሂለን ጉልበት ያዝ አደረገች። ሴቶች እንዲህ ሲነጋገሩ እኔ እንደ ዕቃ ነኝ። ስለ አየር ንብረት ማውራት ጀመርኩ።

ሲሄዱ ትሩስ በሩ ላይ ቀስ ብላ «ሂድላት እንጂ» አለችኝ።

«ማን ጋ?»

«አይ አንተ ሰውዬ» ብላኝ ሄደች።

ጃንዋሪ 16

104 ከ15።

ጃንዋሪ 20

163 ከ15።

ሁለቴ አስገባሁት፣ ሦስቴ። ሂለንም ጠርቼ አሳየኋት። ሒሳቡ ጨምሯል! ልክ ሃምሳ ዘጠኝ ዩሮ ጨምሯል። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የሚሞት ካርድ ላይ ገንዘብ የሚጨምር ሰው ጤነኛ ነው? ልጠቀምበት ብላ ቢሆን ይቀንስ ነበር፤ ልተወው ብላ ቢሆን እንዳለ ይቆይ ነበር። ይሄ የማሽን ስሕተት ነው አልኩ።

«ስንት ጨመረ አልክ?» አለች ሂለ።

«ሃምሳ ዘጠኝ። ሳንቲም የለውም።»

«ዕቃ መልሳ ነው» አለች። «ገዝታው የነበረ ዕቃ መለሰች።» ከዚያ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። ጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መኝታ ቤት ምን አላት?

ጃንዋሪ 22

ዛሬ ዝዎለ ሄድኩ። ለሂለ ምላጭ ልገዛ ነው አልኳት።

ብሩክማተ ውስጥ ገብቼ ዋጋ እያነበብኩ ዞርኩ። ድስት 44 ከ95። መብራት 58 ከ95። አንሶላ 62 ከ95። ስዞር ያየችኝ ሻጭ መጣች። ደረቷ ላይ «ክላሲነ» የሚል ስም ለጥፋለች፤ በኔ ዕድሜ የምትሆን፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ።

«ምን ልርዳዎት ጌታዬ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ዩሮ የሚሸጥ ዕቃ እፈልጋለሁ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ዩሮ የሆነ።»

ሳቀች። «ሰው ዕቃ መርጦ ዋጋ ይጠይቃል እንጂ ዋጋ ይዞ ዕቃ ሲፈልግ ዛሬ አየሁ። ለሚስትዎ ነው? ደግሞ እኛ ጋ ሁሉም በ95 ነው የሚያልቀው፤ ድፍን ሃምሳ ዘጠኝ የሚባል…» ብላ አሰብ አደረገች። «ላይኛው ፎቅ ብቻ ነው። ባለቤቱ የዚያን ክፍል ዋጋ ደፍነው ነው የሚያስቀምጡት፤ እዚያ የሳንቲም ጨዋታ ደስ አይላቸውም። ይምጡ።»

ተከተልኳት። ደረጃውን ወጥተን ወደ ግራ ታጠፍን፤ ደረጃውን ስወጣ አሁንም ስለ ማሽን ስሕተት እያሰብኩ ነበር።

የሕፃናት ክፍል ነበር።

«ይቺ ብቻ ናት በሃምሳ ዘጠኝ» አለችና ከመደርደሪያው አወረደችልኝ። የሕፃን አልጋ ብርድ ልብስ። የበግ ፀጉር፣ ቢጫ፤ ጠርዙን ነጫጭ ዝይዎች ተከታትለው ይዞሩታል። እጄ ላይ አስቀመጠችው። ምንም አይከብድም።

«ይሄንን ገዝቶ የሚመልስ ሰው አለ?» አልኳት።

ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አንዳንዴ።»

«ቆይቶም ቢሆን? ደረሰኙ ላይ ከሰላሳ ቀን በኋላ አንቀበልም ይላል። ከወራት በፊት ተገዝቶ በጃንዋሪ…»

«የዚህን ክፍል ዕቃ ቀን አንቆጥርበትም ጌታዬ። ለምን መለሳችሁ ብለንም አንጠይቅም። እንቀበላለን፣ በከፈሉበት መንገድ እንመልሳለን። በካርድ ከሆነ ካርዱ ላይ።» መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ለልጅ ልጅ ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ብርድ ልብሱን መልሳ እስክትወስድልኝ ድረስ ይዤው ቆሜ ነበር።

ጃንዋሪ 22፣ ማታ

ምላጩን ሳልገዛ መጣሁ። ሂለም አልጠየቀችኝም።

በኦገስት ወይን አልጠጣም አለች። በኦክቶበር ሦስት ሳምንት ጉንፋን። ዮሪስ «አይምጡ» አለኝ፤ ድምፁ እንደተዘጋ ሰው ድምፅ ነበር፣ እኔ ደግሞ እሱንም ይዞታል ብዬ ሳቅሁ። በዲሴምበር ሻማ። አሁን ብርድ ልብሱን ከቤቷ አወጣችው። ለገንዘቡ አይደለም የመለሰችው። ሱቅ እንድትሄድ ያስታወስኳት እኔ ነኝ፤ ካርዱ ያበቃል ብዬ። ምናልባት ከካርዱ ጋር አብራ ተሸክማው ሄደች። ቁም ሳጥኑን በከፈተች ቁጥር ከምታየው ብላ።

ልጄ እኔ ጠረጴዛ ቀርባ፣ በራሷ አፍ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ምን ጀምራ ምን ለፍሬ አበቃች ብላ አነበበች። እኔ ጽፌላት። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜ «ጎበዝ ልጅ» ብዬ ነበር በሆዴ፤ ቀልድ የምትችል ብዬ። እንዴት ቻለችው? ከየት አባቷ አመጣችው ያን አቅም?

ከማንም አይደለም፤ ከኔም አይደለም።

ደም ግፊቴን ለካሁ። ምን አባቱ፣ አልጽፈውም።

ለሂለ አልነገርኳትም። የራሷን ልጅ ጉዳይ ከኔ ግምት መስማት የለባትም። ደግሞ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ብሳሳት ምናለ። ሕይወቴን ሁሉ ትክክል መሆን ስወድ ኖሬ ዛሬ መሳሳት ተመኘሁ።

ጃንዋሪ 24

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ አልችልም።

ሳልደውል ሄድኩ። ብደውል አትምጣ ትለኝ ነበር። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ፀጉሯ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ከስታለች። እኔን ስታይ በሩን አልዘጋችውም፣ አላሰፋችውምም።

«ስለ ካርዱ ከሆነ አባዬ…»

«ስለ ካርዱ አይደለም። ብርድ ልብሱን አየሁት።»

«የቱን?»

«ዝይ ያለበትን።»

እዚያው ደረጃው ላይ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ብርዱ እየገባ ተቀመጠች። እኔ ደጅ ቆሜ ነው። ባቡር ውስጥ ሳጠናው የመጣሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «አላወቅሁም ነበር። ባላውቅም ግን ክፉ ግጥም ነበር። ክፋቱ ማወቅ አለማወቅ አያስፈልገውም።»

ከደረጃው ተነሣችና «ግባ፣ በሩን ዝጋው» አለችኝ።

ዮሪስ ኩሽና ውስጥ ነበር። አየኝና ወንበር ሳበልኝ። እጁን ጨበጥኩት፤ ቶሎ አለቀቅሁትም። ለሱም ይቅርታ አልኩት። «እሺ» አለኝ። ቀጥሎ ብስክሌት ልጠግን ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ የሚጠገን ብስክሌት ግን አልነበረም።

ሚርተ ነገረችኝ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ አደጋ አለው፣ ላይጸና ይችላል ስላሏት ነው ለማንም ያልነገረችው። አምስተኛው ወር ሲጠጋ ሁሉም ደህና ነው አሏት። ለሂለ ልደት፣ ኦክቶበር ላይ፣ መጥተው ሊነግሩን ኬክ አዘው ነበር። ከልደቱ አራት ቀን በፊት ምጥ ያዛት። ሳትተነፍስ የተወለደች ልጇን ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሌሊት አቅፋት አደረች።

«ያን ማታ ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት» አለችኝ። «ስጦታው ካለቀ በኋላ፣ ሰው ሲረጋጋ። ለዮሪስ ‹ዛሬ አባዬ በጣም ደስ ብሎታል፣ ዛሬ ይሻላል› ብዬው ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ እጇ ነበር፤ የኔን አስቀመጥኩበት፤ አላሸሸችውም። አለቀስኩ። እኔ አባቷ ነኝ፣ እሷን ላጽናና ሄጄ፣ እሷ ናት ፎጣ ያቀበለችኝ።

የሕፃኗ ፎቶ አላቸው። «ማየት ካልፈለግክ ግዴታ የለብህም» አለችኝ። አየሁ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጣቶቿ የታጠፉ ናቸው፣ ጥፍር አላቸው። ማዘጋጃ ቤት ሄደው አስመዝግበዋታል። ኤልከ ትባላለች።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«እማዬ ታውቃለች?»

«እኔ አልነገርኳትም።»

«አንተ ንገራት። እኔ እንደገና ከመጀመሪያው ማውራት አልችልም አባዬ። እሁድ አምጣት፤ ግን አውቃ ትምጣ።»

እሺ አልኳት። አቅፌያት ስወጣ ፎጣው ከራሷ ወደቀ፤ እርጥብ ፀጉሯ አገጬን ነካኝ።

ባቡሩ ከዝዎለ እኛ ከተማ ካምፐን ድረስ አሥር ደቂቃ አይሞላም። አጠረብኝ። አረፍተ ነገሬን እያስተካከልኩ ነበር፤ ስለ ኦገስት ልጀምር፣ ስለ ኦክቶበር ልጀምር፣ መጀመሪያ ተቀመጪ ልበላት፣ ወይስ ተቀመጪ ስላት ትደነግጥ ይሆን? በቃል ሰው ጎድቼ አውቃለሁ፤ በቃል ሰውን ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ግን አልተማርኩም። ከጣቢያው ረጅሙን መንገድ ይዤ በወንዙ ዳር ሄድኩ። አልረዳኝም።

ሂለ ኩሽና ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ።

ቀና ሳትል «ወንድ ነበር ወይስ ሴት?» አለችኝ።

«ሴት» አልኳት። «ኤልከ ትባላለች።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠራረገች። «ኤልከ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ማንን ትመስላለች?»

«አንቺን» አልኳት። «አፍንጫዋ ያንቺ ነው።»

አልዋሸኋትም።